የባሕር አረም በላም ጨጓራ፦ ጥቅሙ የማን፣ ወጪው የማን?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት የዩልዮስ ቄሣር ጦር በዛሬዋ ቱኒዚያ ጠረፍ ላይ ሰፍሮ ሳለ የእንስሳቱ መኖ አለቀ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው፣ ስሙ በውል ያልታወቀ ደራሲ እንደሚተርከው፣ አንጋፋዎቹ ወታደሮች ባሕሩ ወደ ዳር የተፋውን አረም ሰበሰቡ፤ ጨው በሌለው ውሃ አጠቡት፤ ለተራቡት እንስሳት እየሰጡም ሕይወታቸውን አራዘሙ። ዛሬ የባሕር አረም፣ ወይም ከአረሙ ተጨምቆ በዘይት የተያዘ ውሕድ፣ በአውስትራሊያና በካሊፎርኒያ ለከብት የሚቀርበው በሌላ ምክንያት ነው። ዓላማው ከብቱ በግሳት የሚያወጣውን ሚቴን መቀነስ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነበው ግን እንደ ጥቅምና ወጪ ታሪክም ጭምር ነው። የባሕር አረም ለከብት በቀረበ ቁጥር ከበስተጀርባው አንድ እጥረት ነበር፤ መጀመሪያ የሣር እጥረት፣ ቀጥሎ የማዕድን እጥረት። በእነዚህ ሁለት ዘመናት አረሙን የሚያበላውና ጥቅሙን የሚያገኘው ያው አንድ ሰው ነበር። በእኛ ዘመን ግን ወጪው በከብቱ ባለቤት ላይ ሲያርፍ ጥቅሙ ለዓለም ሁሉ ይከፋፈላል። በልማት ባንኮች፣ በአየር ንብረት ፈንዶችና በመንግሥታት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ አንባብያን ይህን መለያየት ልብ ሊሉት ይገባል፤ ነገ በጠረጴዛቸው ላይ የሚቀርበው የፕሮጀክት ሰነድ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከካቡ ውጭ የቀሩት በጎች

ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች ጫፍ ላይ ኖርዝ ሮናልድሴይ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የአካባቢው ሰዎች ቀደም ባለው ዘመን የባሕር አረም እያቃጠሉ አመዱን ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ይሸጡ ነበር። ርካሽ ምትክ ተገኝቶ ገበያው ሲወድቅ የደሴቲቱ መሬት ለእርሻና ለላሞች ግጦሽ ተፈለገ። በ1832 ደሴቲቱን ዙሪያዋን የሚያካልል፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የድንጋይ ካብ ተሠራ፤ በጎቹም ከካቡ ውጭ፣ በባሕሩ ዳር ቀሩ። እናት በጎች ከግልገሎቻቸው ጋር ሣር ከሚግጡባቸው ወራት በቀር ዋና ምግባቸው የባሕር አረም ሆነ። ቀናቸውም በባሕሩ ይመራል፤ ውሃው ሲሸሽ ይመገባሉ፣ ሲመለስ ያመሰኳሉ።

እነዚህ በጎች ለሳይንስ ውድ ማስረጃ ሆነዋል። ኦርፒንና ባልደረቦቹ በ1985 ያሳተሙት ጥናት፣ በአረም በሚኖሩት በጎች ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሣር ከሚግጡት በግልጽ የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። መኖው ሲለወጥ በጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ማኅበረሰብም ይለወጣል ማለት ነው። ለውጡ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ከባሕር አረም የሚያገኙት መዳብ አነስተኛ በመሆኑ የበጎቹ አካል ያገኘውን መዳብ አጥብቆ መያዝ ለምዷል፤ በመሆኑም ወደ መደበኛ ግጦሽ ሲዛወሩ በመዳብ የመመረዝ አደጋ ያገኛቸዋል። በአንድ በኩል የሚያኖር መኖ በሌላ በኩል ሌላ ጥገኝነት ሊፈጥር እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከአመድ ወደ ማዕድን

በ1811 ፈረንሳዊው ኬሚስት በርናር ኩርቷ፣ በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን፣ ከባሕር አረም አመድ ጋር ለባሩድ የሚሆን ጨው ሲያዘጋጅ ሐምራዊ ተን አየ። አዮዲን የተገኘው እንዲህ ነበር። ከዚያ በኋላ የባሕር አረም ሆድ ከመሙላት ያለፈ ትርጉም አገኘ፤ በየብስ ላይ የሚጎድለውን ማዕድን ባሕሩ ውስጥ ያከማቸ ጎተራ ሆኖ ታየ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ተያይዞ ይህ አመለካከት ተቋማዊ መልክ ያዘ። ስኮትላንድ በ1944፣ ኖርዌይ በ1949 ለባሕር አረም ምርምር ብቻ የቆሙ ድርጅቶችን መሠረቱ። ከጥናቶቻቸው አንዱ ደርቆ የተፈጨ የባሕር አረም ለወተት ላሞች የማዕድን ማሟያ ሊሆን መቻሉ ነበር። ለኢትዮጵያ አርብቶ አደርና ገበሬ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ከብትን ጨው ማላስ፣ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ቦሌ የሚባለውን ማዕድን ያዘለ አፈር መስጠት፣ መንጋውን ወደ ሆራ ነድቶ ማጠጣት፣ ሁሉም ሣር የማይሰጠውን ነገር ከሌላ ቦታ የመፈለግ ጥበብ ናቸው።

በዚህ ዘመን ጥቅሙና ወጪው አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። ገበሬው የአረም ዱቄት ሲገዛ ላሙ ትጠነክርልኛለች ብሎ ያምን ነበር፤ ውጤቱን በራሱ በረት ያያል፤ ካላየ በሚቀጥለው ዓመት አይገዛም። የጤና ጉዳዮችም ቢሆኑ ገና ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው። አረሙ የሚታወቅበት አዮዲን በላሟ አካል ብቻ አይቀርም፤ ወደ ወተቱ ይገባል። በመጠኑ ሲሆን እንቅርትን ይከላከላል፤ ሲበዛ ግን፣ በተለይ ለሕፃናት፣ የእንቅርትን ዕጢ ሥራ ያውካል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጉዳዩ ከአረሙ ዱቄት ወደ ጭማቂው ዞረ። በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ የሚበቅለው አስኮፊለም የተባለ ቡናማ የባሕር አረም በቨርጂኒያ፣ በሚሲሲፒና በቴክሳስ ተመራማሪዎች እጅ ገባ። ጭማቂው በግጦሽ ሣር ላይ ሲረጭ በሚግጡት ከብቶች የመከላከል አቅም ላይ ለውጥ መታየቱ በ2001 ተዘገበ። ዱቄቱ ከእርድ በፊት ባሉት ሳምንታት ሲበላ ደግሞ ሰውን የሚያሳምመው የኢ. ኮላይ ዝርያ በከብቶቹ ላይ መቀነሱ በ2004 ታተመ። በ2009 የካናዳ ተመራማሪዎች በዚሁ አረም ውስጥ ያሉ ፍሎሮታኒን የሚባሉ ውሕዶች በጨጓራ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ላይ የሚያደርሱትን ተጽዕኖ በቤተ ሙከራ መረመሩ። በእነዚህ ዓመታት ጥያቄው ቀስ በቀስ ተለወጠ። አረሙ ለላሟ ምን ይመግባል ከሚለው፣ በላሟ ውስጥ ለሚኖሩት ተሕዋስያን ምን ያደርጋል ወደሚለው ተሸጋገረ።

የተከደነው ጋን

ቀጣዩን ምዕራፍ ለመረዳት ጨጓራውን ማየት ያስፈልጋል። በእንስሳት ሳይንስ ሩመን የሚባለው የላም ጨጓራ ክፍል ከ100 ሊትር በላይ ሊይዝ የሚችል፣ አየር የማይገባበት፣ እንደ ተከደነ ጋን ያለማቋረጥ የሚያብላላ ክፍል ነው። ላሟ ጭዱን በራሷ መፍጨት አትችልም፤ የሚፈጩላት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ፕሮቶዞዋዎች ናቸው። እነርሱ ጭዱን ወደ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲዶች ይለውጣሉ፤ ላሟም ከጨጓራዋ ግድግዳ እየመጠጠች ጉልበት ታገኛለች።

በዚህ መብላላት መካከል ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅኑ ከተጠራቀመ መብላላቱን ራሱን ያዘገየዋል። አርኪያ የሚባሉ ጥንታዊ ተሕዋስያን ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሚቴን ያደርጉታል፤ ላሟም አግስታ ታስወጣዋለች። ስለዚህ ሚቴን ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ብክነት ነው፤ ጆንሰንና ጆንሰን በ1995 ባሰባሰቡት መረጃ መሠረት ከብቱ ከበላው መኖ አጠቃላይ ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ይጠፋል። ሁለተኛው ደግሞ ማስተንፈሻነቱ ነው፤ የተረፈው ሃይድሮጅን የሚወገድበት ቦይ ነው። ቦዩን የሚዘጋ ሰው ሃይድሮጅኑ ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ አለበት።

ቦዩን የመዝጋት ሙከራ የተጀመረው የአየር ንብረት ለውጥ የፖሊሲ ርእስ ከመሆኑ አስቀድሞ ነው። በ1967 ባውቾፕ የተባለ ተመራማሪ ክሎሮፎርምና መሰሎቹ፣ ማለትም ቅርጻቸው ሚቴንን የሚመስል ሃሎጅን ያዘሉ ውሕዶች፣ በጨጓራ ውስጥ የሚቴን መመረትን እንደሚገቱ አሳየ። የዚያን ዘመን ተመራማሪዎች ዓላማ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ሥጋና ወተት መመለስ ነበር። በኋላ በአውስትራሊያ ብሮሞክሎሮሜቴን የተባለ ተመሳሳይ ውሕድ ተሞከረ፤ ሚቴንን በእጅጉ የሚቀንስ ሆኖም ተገኘ። ነገር ግን ውሕዱ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ በመሆኑ በ1999 በቤጂንግ በጸደቀው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ማሻሻያ ከሚከለከሉት መካከል ገባ። ለከብት መኖነት የነበረው ተስፋም በዚያው ተዘጋ።

በተፈጥሮ ስም የተመለሰው ውሕድ

በሃዋይ ሰዎች ሊሙ ኮሁ ብለው የሚጠሩት፣ ለምግብ ማጣፈጫነት የሚወዱት ቀይ የባሕር አረም አለ። የሳይንስ ስሙ አስፓራጎፕሲስ ታክሲፎርሚስ ነው። በ1976 የታተመ የኬሚስትሪ ጥናት፣ ልዩ ሽታውን ከሚሰጡት ተናኝ ውሕዶች ዋናው ብሮሞፎርም መሆኑን ገለጸ። ብሮሞፎርም የክሎሮፎርም የቅርብ ዘመድ ነው። የጨጓራ ተመራማሪዎችና የባሕር ኬሚስቶች ግን ለአሥርተ ዓመታት በየራሳቸው መንገድ ተጓዙ።

መንገዳቸው የተገናኘው በአውስትራሊያ ነው። በታውንስቪል ከተማ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲና የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ድርጅት፣ ሲሲሮ፣ ተመራማሪዎች 20 የሚያህሉ የባሕርና የጣፋጭ ውሃ አልጌ ዝርያዎችን ከጨጓራ ፈሳሽ ጋር በብልቃጥ ውስጥ አወዳደሩ። በ2014 የታተመው ውጤት አስፓራጎፕሲስ ሚቴንን ከ98 በመቶ በላይ እንደቀነሰ አመለከተ። ብዙም ሳይቆይ ዋናው ምክንያት ብሮሞፎርም መሆኑ ተረጋገጠ። ባውቾፕ በ1967 የዘጋው በርና አረሙ የሚዘጋው በር አንድ ነበር። በገበያ ዘንድ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በፋብሪካ የተሠራ ሃሎጅን ያለበት ውሕድ ለላም ይሰጥ ቢባል ሸማቹ ይሸሻል፤ የባሕር አረም ሲባል ግን ጆሮውን ይሰጣል። ተፈጥሮ የሚለው ቃል ኬሚስትሪውን አልለወጠውም፤ አቀባበሉን ግን ለውጦታል።

ከብልቃጥ ወደ ከብት ሲሸጋገር ቁጥሮቹ ተበታተኑ። በ2019 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ በ12 የሆልስታይን ላሞች ላይ በተደረገ ሙከራ ከመኖው 1 በመቶ የሚሆነው አረም የሚቴኑን መጠን በ67 በመቶ ቀነሰው፤ ላሞቹ የሚበሉት መኖ ግን በ38 በመቶ፣ ወተታቸውም በ11.6 በመቶ ወረደ። ይህን ጥናት የመራው ቡድን አባል ፕሮፌሰር ኤርምያስ ክብረአብ ለብዙ አንባቢዎቻችን የሚታወቅ ስም ነው። በ2020 የታተመ የአውስትራሊያ ሙከራ ከመኖው 0.20 በመቶ ብቻ ተጨምሮ በሥጋ ከብቶች ላይ እስከ 98 በመቶ ቅናሽ አሳየ። በ2021 የዴቪሱ ቡድን 21 ወይፈኖችን ለ147 ቀናት ተከታትሎ ከ80 በመቶ በላይ ቅናሽ አገኘ፤ ወይፈኖቹ መኖ ቢቀንሱም የክብደት ዕድገታቸው አልተጓደለም። ከዚያ በኋላ ግን በአውስትራሊያ በዋግዩ ከብቶች ላይ ለ300 ቀናት ያህል የተካሄደ ረጅም ሙከራ ቅናሹ 28 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከብቶቹም ለእርድ ክብደት ለመድረስ ተጨማሪ ሳምንታት ያስፈልጓቸው ነበር።

ሌሎች እንቅፋቶችም ነበሩ። ብሮሞፎርም በቀላሉ ይተናል፤ የደረቀው አረም በመጋዘን ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ወደ ጭማቂ የተመለሱትም በዚህ ምክንያት ነው፤ አረሙን በምግብ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ብሮሞፎርሙን በዘይቱ ውስጥ የማቆየት ዘዴ በ2020 ታተመ። ደኅንነቱም አነጋጋሪ ሆነ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ብሮሞፎርምን ምናልባት በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ብሎ መድቦታል። በ2021 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ብሮሞፎርም በላሞቹ ሽንትና ወተት ውስጥ መገኘቱን፣ በጨጓራቸው ግድግዳ ላይም ያልተለመዱ ለውጦች መታየታቸውን ዘገበ። ኖርዝ ሮናልድሴይ ያሳየችው እውነት እዚህም ይሠራል፤ ጨጓራን መለወጥ ከጨጓራ ውጭ የሚከተል ውጤት አለው።

ሒሳቡን ማን ያወራርዳል?

በ1967 የነበረው ተስፋ ሚቴን ሲቆም የተረፈው ጉልበት ወደ ወተትና ሥጋ ይሄዳል የሚል ነበር። ያ ተስፋ በአስተማማኝ ሁኔታ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ገበሬው ማንም ሳያስገድደው አረሙን ይገዛ ነበር፤ የሣርና የማዕድን ዘመናት ሥርዓት ይቀጥል ነበር። እስካሁን ያሉት ሙከራዎች ግን ይህን ጭማሪ ወጥ በሆነ መልኩ አላሳዩም። ስለዚህ አረሙን የሚያበላው ሰው ወጪ እያወጣ ለሌሎች አገልግሎት ይሰጣል ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሞከሩት መንገዶች የየአገሩን ፖለቲካ ያንጸባርቃሉ። ኒው ዚላንድ በ2003 ለሚቴን ምርምር የሚውል ክፍያ በከብት አርቢዎች ላይ ልትጥል አስባ ተቃውሞው ሲበረታ ተወችው። ካሊፎርኒያ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከከብት እርባታ የሚወጣ ሚቴን በ2030 ከ2013 መጠኑ በ40 በመቶ እንዲወርድ ግብ አስቀመጠች። በ2021 በግላስጎው የተጀመረው ዓለም አቀፍ የሚቴን ቃል ኪዳን ደግሞ በ2030 የ30 በመቶ ቅናሽን አለመ። ሲሲሮ በበኩሉ የአስፓራጎፕሲስን የፈጠራ መብት ለገበያ የሚያቀርብ ፊውቸርፊድ የተባለ ኩባንያ በ2020 ከግል ባለሀብቶች ጋር አቋቋመ። ሕዝብ በከፈለው ገንዘብ የተሠራ ምርምር፣ የግል ፈቃድ፣ መንግሥታዊ ግብ፣ ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ መኖውን በየዕለቱ የሚያቀላቅለው አርቢ፤ የዛሬው ሥርዓት አቀማመጥ ይህን ይመስላል።

የሰባ ሚሊዮን ከብት አገር

ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት ያላት፣ በአፍሪካ ቀዳሚ የከብት ባለቤት ናት። በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ የአገሪቱ የ2010 አጠቃላይ ልቀት ከ150 ሚሊዮን ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ውስጥ 65 ሚሊዮን ቶን የሚሆነውን ከእንስሳት እርባታ ቆጥሮታል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሚቴን ቀናሽ ምርት ለያዘ ሁሉ የሚያጓጓ ገበያ ይመስላል።

ነገር ግን ከላይ የተጠቀሱት ሙከራዎች በሙሉ አንድ የጋራ ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ ከብቱ መኖውን ተመዝኖና ተቀላቅሎ ከገንዳ ይበላል። ብሮሞፎርም በጨጓራ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በየዕለቱ መመላለስ አለበት። የኢትዮጵያ ከብት ግን አብዛኛውን መኖውን የሚያገኘው ከግጦሽና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው፤ የጤፍና የገብስ ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ዕድለኛዋ ላም ደግሞ ጥቂት ፋጉሎ፣ ፉርሽካ ወይም አተላ። የአገሬው ላም በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ ከሁለት ሊትር ያንሳል። በዚህ ላይ ከብቱ ወተት ብቻ አይደለም፤ በሬው ያርሳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ያነዳል፣ መንጋው በክፉ ቀን የሚሸጥ ቁጠባ ነው።

የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ2017 ስለ ኢትዮጵያ የወተት ዘርፍ ባወጣው ጥናት ለአንድ ኪሎ ግራም ወተት የሚወጣው ልቀት በአማካይ ከ20 ኪሎ ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ በላይ ነው። የቁጥሩ ከፍ ማለት ላሟ ብዙ ስለምታገሳ አይደለም፤ ወተቷ ጥቂት ስለሆነ፣ ለመውለድ ስለምትዘገይና ዓመቱን ሙሉ በቂ መኖ ስለማታገኝ ነው። የተሻለ መኖ፣ የእንስሳት ሕክምናና የተሻሻለ ዝርያ ያገኘች ላም በቀን የምታወጣው ሚቴን ሊጨምር ይችላል፤ ለአንድ ሊትር ወተት የሚደርሰው ድርሻ ግን በብዙ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ጥቅሙና ወጪው እንደገና በአንድ ቤት ይገናኛሉ፤ ገበሬው ወተት ያገኛል፣ ከባቢ አየሩም ይተርፋል።

ልዩነቱ በፖሊሲ ሰነድ ላይ የሚወሰነው በአንድ መስመር ነው፤ ቅናሹ የሚለካው በከብት ቁጥር ነው ወይስ በሊትር ወተት? በከብት ቁጥር ከተለካ ገንዘቡ ወደ መኖ ቅመም ሻጩ ያዘነብላል፤ በሊትር ከተለካ ወደ ዩሪያ የታከመ ጭድ፣ ወደ ሳስፓንያና ወደ ዝሆን ሣር፣ ወደ ክትባትና ወደ ማዳቀያ ጣቢያ ይሄዳል። የመነሻ ቁጥሩም ቢሆን መለካት ይኖርበታል። በናይሮቢ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የማዚንጊራ ማዕከል በምሥራቅ አፍሪካ ከብቶች ላይ የሠራቸው ጥናቶች፣ ከሌላ ቦታ የተወሰዱ ግምታዊ ቁጥሮች የአካባቢውን እውነታ ሁልጊዜ እንደማይገልጹ አሳይተዋል።

ይህ ማለት አረሙ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱና በሌሎች ከተሞች ዙሪያ መኖ እየገዙ የዲቃላ ላሞችን በበረት የሚያረቡ የወተት ድርጅቶች አሉ፤ የመኖ ቅመም ከገባ የሚገባው በእነርሱ በር ነው። ያኔም ቢሆን ሦስት ነገሮች አስቀድመው በውል መስፈር ይኖርባቸዋል። አርቢው ለሚሰጠው አገልግሎት የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ የወተቱ መጠን ቢቀንስ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም፣ የወተቱን የአዮዲንና የብሮሞፎርም ይዘት በየትኛው ቤተ ሙከራ ማን እየመረመረ ለሸማቹ ዋስትና እንደሚሰጥ።

የቄሣር ወታደሮች አረሙን ያጠቡት ጨው እንስሳቱን እንዳይጎዳ ነበር፤ ጥቅሙንም ጉዳቱንም በራሳቸው ፈረስ ያዩት ነበር። ዛሬ አረሙን የሚያጥበው፣ የሚጨምቀው፣ የሚሸጠው፣ የሚያበላው፣ ቅናሹን የሚቆጥረውና ክሬዲቱን የሚሸጠው በተለያዩ አህጉራት የተቀመጠ የተለያየ ሰው ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የመደራደር አቅም የሌለው ላሟን የሚያልበው ሰው ነው። ውሉ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አንባቢ ካለ፣ ጥቅሙና ወጪው ምን ያህል ተራርቀው እንደተቀመጡ አስቀድሞ መጠየቅ የእርሱ ድርሻ ነው።